የሲጋራ ሻጮች መዝገብ በታብሌት፦ ሱቅ በደረቴውን የት ላስገባው?

የፔዳዋ (ጥያቄ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነው የምሠራው። መሥሪያ ቤቴን አልጠራም፤ ላማው አልመጣሁም። ሥራዬ ዳታ ነው። ሌላው በወረቀት የሞላውን ወደ ኮምፒውተር አስገባለሁ፣ "ሪፖርት!" ሲባል ደግሞ ቁጥር አወጣለሁ።

ሰሞኑን አዲስ ሥራ መጣልኝ። ሲጋራ የሚሸጡ ቤቶችን በታብሌት መዝግቦ መከታተል፣ በተለይ ለልጆች እንዳይሸጡ። ሕጉን ለማታውቁት፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ ክልክል ነው። በፍሬ መሸጥ ክልክል ነው። ሺሻና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ጭራሽ አይሸጡም። ፓኮው ላይ ደግሞ ፊትና ጀርባውን 70 በመቶ የሚሸፍን የማስጠንቀቂያ ሥዕል የግድ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ሕግ ጥሩ ሕግ ነው።

ዕቃውም አለኝ። ታብሌት ተሰጥቶኛል፣ ፎርሙ ኮቦ (KoboToolbox) የሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ ፕሮግራም ላይ ነው። ኮቦን የምወደው ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓትም ስለሚሠራ ነው። ሞልቼ አስቀምጣለሁ፣ ኔትወርክ ሲመለስ ይላካል። እዚህ ከተማ ይሄ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ችግሬ ዝርዝሩ ነው። የተሰጠኝ የንግድ ፈቃድ ያላቸው ሱቆች ስም ነው። እሱን ይዤ ከፓፒረስ አካባቢ ጀመርኩ፣ ወደ ጊዮርጊስ፣ ከዚያም ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ዝርዝሩ ላይ ያለው ቤት ሲጋራ አይሸጥም። አንዱ ፀጉር ቤት ሆኗል። ሲጋራ የሚሸጠው ደግሞ ዝርዝሩ ላይ የለም።

ሐይቁ ዳር፣ ሰው ቁጭ ብሎ ንፋስ ከሚቀበልበት ቦታ መግቢያ ላይ፣ አንድ ልጅ ቆሟል። ካርቶን በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ማስቲካው በአንድ ረድፍ፣ ሶፍቱ በሌላ፣ ከረሜላው ጥግ ላይ። መሀል ላይ ክዳኑ የተቀደደ ፓኮ አለ። ላይተሩ እንዳይሰረቅ ከካርቶኑ ጋር በክር ታስሯል። ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች መጡ። አንደኛው ከኪሱ የተጨማደደ ብር አወጣ፣ ፍሬ ገዛ። ክሩ ስለሚያጥር ጎንበስ ብሎ ከካርቶኑ ላይ ለኮሰ። ሻጩ ራሱ ከ15 ዓመት የሚያልፍ አይመስለኝም።

እንግዲህ ይሄን ልጅ የት ላስገባው? ከላይ የመጣው ፎርም "የድርጅቱ ስም" ይላል። "የንግድ ፈቃድ ቁጥር" ይላል። "የቤት ቁጥር" ይላል። ሦስቱም የግዴታ ናቸው፤ ካልሞላሁ ወደ ቀጣዩ ገጽ አያሳልፈኝም። ለመቀየር ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ ግን ምን ብዬ ልቀይረው?

ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ለልጅ መሸጥ አለመሸጣቸውን እንዴት ነው የማውቀው? ባለሱቆቹን ስጠይቅ ሁሉም "ኧረ በፍጹም" ነው የሚሉኝ። በእነሱ መልስ ከሄድን ባሕር ዳር ውስጥ ለልጅ ሲጋራ የሚሸጥ አንድም ሰው የለም።

ሌላ አገር እንዴት እንደሚሠሩት የምታውቁም ጻፉልኝ። ብቻ "ሶፍትዌር ግዙ" እንዳትሉኝ። በጀት የለም።

ባለሱቁ (አባይ ማዶ)፦

እህቴ፣ ከምትመዘግቢያቸው አንዱ እኔ ነኝ። አባይ ማዶ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ዘይት፣ ሳሙና፣ ዳቦ፣ የሞባይል ካርድ። ሲጋራም አለ። እዚህ ስሜን ስለማታውቂው እውነቱን ልንገርሽ።

ለልጅ ትሸጣለህ ወይ ብለሽ ብትመጪ "አልሸጥም" ነው የምልሽ። ሌላ ምን ልበልሽ? ታብሌት ይዞ ደጁ ላይ ለቆመ ሰው "አዎ፣ እሸጣለሁ" የሚል ባለሱቅ ካገኘሽ ለእኔም አሳዪኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ይመጣል። 12 ዓመት ቢሆነው ነው። "አባዬ ሁለት ፍሬ ስጠው ብሎሃል፣ ዱቤው ላይ ጻፈው" ይለኛል። አባትየውን አውቀዋለሁ፤ ደመወዝ ሲወጣ የሚከፍለኝ እሱ ነው። ታዲያ ልጁን መታወቂያ አምጣ ልበለው? ባዶ እጁን ብሰደው አባትየው ማታ ይመጣና "ምን አስቀየምኩህ?" ይለኛል። ከዚያ ዘይቱንም ስኳሩንም ከሌላ ቤት ይወስዳል። ሲጋራው የሚያተርፍልኝ ይሄን ያህል ሆኖ አይደለም። ደንበኛው ነው የሚያሳስበኝ። ፎርምሽ ላይ "ተልኮ የመጣ" የሚል ምርጫ ከሌለ ግማሹን ነገር አታገኚውም።

በፍሬ አትሽጥ የሚለውም እንደዚያው ነው። ፓኮ ሙሉ የሚገዛኝ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። በ2012 አዲሱ የኤክሳይዝ አዋጅ ሲመጣ 30 በመቶ፣ በዚያ ላይ በፓኮ 8 ብር ተጣለበት። ሰው ያቆማል ተብሎ ነበር። እኔ ያየሁት ግን ጭማሪው በ20 ፍሬ ተካፍሎ ደንበኛው ጋ ሲደርስ ነው። ማንም አልደነገጠም። ትንሽ ተነጫነጩ፣ ከፈሉ፣ ለኮሱ።

ቁጥጥር ሲወጣ ደግሞ ገና ድልድዩን ሳይሻገሩ እንሰማለን። ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ይደውላል። የተከፈተው ፓኮ መሳቢያ ይገባል፣ ስቴካው ከሩዝ ጆንያው ኋላ። እናንተ የምትመዘግቡት ያንን ሰዓት ነው። ሲሄዱ ይወጣል።

አልጠላሽም፣ ሥራሽን ሥሪ። እኔም ልጆች አሉኝ።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ በርቺ። ብዙ ዘመን ቁጥጥር ላይ ሠርቻለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጊዜ ስላለኝ ረዘም አደርገዋለሁ፤ ታገሺኝ። ባለሱቁ ያለውን ሁሉ እመኚው። እኛም እናውቀው ነበር፣ ሪፖርት ላይ ግን የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም።

በመጀመሪያ፣ ልጁን አትመዝግቢ። ቦታውን መዝግቢ። ሐይቁ ዳር ዛሬ እሱ ይቆማል፣ ነገ ወንድሙ፣ ከነገ ወዲያ ጓደኛው። ቦታው ግን አይለወጥም፣ ምክንያቱም ገዢው የሚያልፈው እዚያ ነው። ስለዚህ የፎርሙ መነሻ ድርጅት መሆኑ ይቅርና የሽያጭ ቦታ ይሁን። ለእያንዳንዱ ቦታ የማይለወጥ ቁጥር ስጪው። ቀጥሎ ዓይነቱን አስመርጪ፦ ሱቅ፣ ኪዮስክ፣ ጫት ቤት፣ ግሮሰሪ፣ ጉልት፣ ሱቅ በደረቴ። የፈቃድ ቁጥር የሚለው ጥያቄ "ፈቃድ አለው" ከተባለ ብቻ ይከፈት። ኮቦ ይሄን በቀላሉ ይሠራል። ከመውጣቴ በፊት እኛም ጀምረነው ስለነበር አውቀዋለሁ።

ጂፒኤስ ስትይዢ አትቸኩዪ። ታብሌቱ መጀመሪያ የሚሰጥሽ ነጥብ ሩቅ ነው። ስክሪኑ ላይ የስህተቱን መጠን በሜትር ይነግርሻል፣ 5 ሜትር እስኪደርስ ቁሚ። ዘንባባው ሥር ከሆንሽ ወደ አስፋልቱ ወጣ በይ። ከትምህርት ቤት ያለውን ርቀት ስትለኪም መነሻሽ የትኛው እንደሆነ አስቀድመሽ ወስኚ። በሩ ነው ወይስ አጥሩ? ቅጥሩ ሰፊ የሆነ ትምህርት ቤት ላይ የሁለቱ ልዩነት ብዙ ነው። አንዱ ሠራተኛ ከበሩ፣ ሌላው ከአጥሩ ከለካ ቁጥራችሁ አይገጥምም።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። ያ ልጅ ፓኮውን ከፋብሪካ አላመጣውም። ጠዋት ከአንድ ሱቅ ይረከባል፣ ማታ ሂሳብ ይተሳሰባል። የምትፈልጊው ያንን ሱቅ ነው። ፎርሙ ላይ "ዕቃውን የሚያገኘው ከየት ነው" የሚል ጥያቄ አስገቢ፣ መልሱም የሌላኛው ቦታ ቁጥር ይሁን። ከዚያ ካርታው ላይ መስመር ስታሰምሪ ብዙ ሱቅ በደረቴዎች ወደ ጥቂት ሱቆች ሲሰበሰቡ ታያለሽ። ያኔ ማንን ማነጋገር እንዳለብሽ ይገባሻል።

ልጁን ብትቀጡት ምን ይሆናል? ካርቶኑ ይቀማል። ሪፖርቱ ላይ "እርምጃ ተወስዷል" ተብሎ ይጻፋል። በሳምንቱ ሌላ ካርቶን ይዞ ይቆማል፣ አሁን ደግሞ የካርቶን ዕዳ አለበት። አዋጁ ሊጠብቀው የወጣው እኮ አንዱ እሱ ነው። የሱ ጉዳይ የሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ሥራ ነው እንጂ የደንብ አስከባሪ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ጠቃሚው ነው። ባለሱቅን ጠይቆ ማወቅ አይቻልም። የሚቻለው ገዢ ልኮ ማየት ነው። ሌላ አገር ይሄን የሚሠሩት በአብዛኛው በልጆች ነው። እኛ ጋ ልጅ ልኮ ሲጋራ ማስገዛት ወላጅም አይወደውም፣ እኔም አልወደውም። ግን የእኛ ሕግ አንድ በር ይከፍታል። ዕድሜው 21 ነው። አንድ የ19 ዓመት የፖሊ ወይም የፔዳ (የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች) ተማሪ በሕግ ፊት አዋቂ ነው፣ ራሱ ፈቅዶ ይፈርማል። ሲጋራ ግን ሊሸጥለት አይገባም። እሱን ላኪው። ሕጉን የሚያስፈጽመውን ባለሥልጣን የጽሑፍ ፈቃድ አስቀድመሽ ያዢ፣ ያለዚያ አይሆንም። የሚልከው ሰው ውጪ ይቁም። ገዢው ቢጠየቅ ዕድሜውን አይዋሽ። ለመታወቂያ ከተጠየቀ የራሱን ያሳይ። ተሸጠለት ወይስ ተከለከለ፣ በፍሬ ነው ወይስ በፓኮ፣ መታወቂያ ተጠየቀ ወይስ አልተጠየቀ፤ በቃ፣ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ፎርም ሲረዝም ሠራተኛው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ነው የሚሞላው። አውቃለሁ፤ አብሬ ቁጭ ብያለሁ።

አንድ ነገር አትርሺ፦ የተከለከለበትንም መዝግቢ። እኛ የተሸጠለትን ብቻ እንጽፍ ነበር። "40 ቤቶች ሲሸጡ ተገኙ" ሲባል ከስንት ውስጥ ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ከ50 ውስጥ 40 እና ከ400 ውስጥ 40 አንድ አይደሉም። የሚጎበኘውን ቤትም ኮምፒውተሩ በዕጣ ያውጣልሽ። ሰው ከመረጠው ሁልጊዜ ዋናው አስፋልት ዳር ያለው ነው የሚመረጠው፣ ምክንያቱም ባጃጅ ይገኛል።

ከባሕር ማዶ፦

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ አሁን አሜሪካ አንድ የጤና መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ጋሼ ጡረተኛው ያሉት ትክክል ነው። ከዚህ ያለውን ትንሽ ልጨምር።

እዚህ ነገሩን ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ሲናር የሚባል ማሻሻያ ነው። ግዛቶች በየዓመቱ ሱቆችን በዕጣ እየመረጡ፣ ሳይናገሩ ሄደው እንዲፈትሹ ያስገድዳል። ለልጅ የሚሸጡት ከ20 በመቶ ከበለጡ ግዛቱ ከፌዴራል የሚያገኘው ገንዘብ ሊቀነስበት ይችላል። ሥራው የተንቀሳቀሰው በዚህ ነው፣ ብሩ ሲነካ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ይፈትሻል። የፍተሻውን ውጤት ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ በሱቁ ስም ፈልጎ ያገኘዋል። መጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ ሲደገም ቅጣት። በ36 ወር ውስጥ አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከተደጋገመ ሱቁ ለተወሰነ ጊዜ ትምባሆ እንዳይሸጥ ሊታገድ ይችላል። ይሄ እንዲሠራ ግን የእያንዳንዱ ሱቅ ታሪክ በአንድ ቁጥር ሥር ተያይዞ መቀመጥ አለበት። ጋሼ "የማይለወጥ ቁጥር" ያሉት እሱ ነው። የመግዣው ዕድሜ በመላ አገሪቱ 21 የሆነው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ነው። ኢትዮጵያ አዋጁን ያጸደቀችው በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ነበር። በዚህ ቀድመናቸዋል፤ ትንሽ ብኮራ አይፈረድብኝም።

አውሮፓ ኅብረት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2019 ጀምሮ በእያንዳንዱ የሲጋራ ፓኮ ላይ የራሱ መለያ ኮድ አለ። ከፋብሪካ ወጥቶ ቸርቻሪው ደጅ እስኪደርስ በየደረጃው ይቃኛል። እዚያ ግን ያቆማል፣ ቸርቻሪው ለማን እንደሸጠ አይናገርም። ኬንያም የኤክሳይዝ ቴምብር አላት፣ ገዢው ራሱ በስልኩ ቃኝቶ ትክክለኛ መሆኑን ያያል። ሁለቱም ኮንትሮባንድና ታክስ ለመያዝ ይረዳሉ። ክዳኑ ተቀዶ በፍሬ የሚሸጥ ፓኮ ላይ ግን ኮዱ ምንም አያደርግልሽም። ስለዚህ አንድ ሰው "ኮድ ያለው ቴምብር ሲመጣ ሁሉም ይፈታል" ቢልሽ፣ የልጆቹ ጉዳይ በዚያ አይፈታም።

መምህር (ቀበሌ 14)፦

እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ሁለት ነገር ብቻ።

ገዢ ስትልኩ ሰዓቱን አስቡበት። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ ምንም አታገኙም። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ሂዱ። የግማሽ ቀን ፈረቃ ያለበት ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ ቀትር ላይ፣ የጠዋቱ ሲወጣና የከሰዓቱ ሲገባ። ያኔ በሩ ላይ ያለውን ግርግር ብታዩት ሌላ ዓለም ነው። ጎዳናው ላይ የማይታይ ሻጭ ሁሉ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይሰለፋል። ደወሉን ከእኛ እኩል ያውቁታል።

ሁለተኛው ደግሞ ስጋት ነው። ማን ልጅ ገዛ፣ የማን ልጅ ነው የሚለውን እንዳትጽፉ። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ፎቶም እንዳታነሱ። ፎቶው ከአንድ ቴሌግራም ግሩፕ ወደ ሌላው ሲሄድ አንድ ቀን አይፈጅበትም። ልጁ ከትምህርት ቤት ይባረራል፣ ሻጩ ግን እዚያው ይቆማል። ይሄ ሲሆን አይቻለሁ።

በነገራችን ላይ አንድ ተማሪዬን "ፓኮው ላይ ያለውን ሥዕል አይተኸዋል?" ብዬው ነበር። "የቱን ሥዕል?" አለኝ። እውነቱን ነው። ፓኮውን በእጁ ይዞት አያውቅም።

የፔዳዋ፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ጋሼ፣ ፎርሙን እንዳሉት ቀየርኩት። "የሽያጭ ቦታ" ብዬ ጀመርኩ፣ ፈቃዱ አማራጭ ሆነ፣ "ከየት ይረከባል" ገባ። ባለሱቁ፣ ላንተም "ልጁ ተልኮ ነው የመጣው?" የሚል አስገብቻለሁ።

መምህር፣ በልጆቹ ጉዳይ እስማማለሁ። ስም የሚባል ጥያቄ ጭራሽ የለም። ፎቶ የሚነሳው ቦታው ብቻ ነው፣ ሰው በሌለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም አለ፣ ቁጥር 1321/2016። አለቃዬን "አዋጁ አይፈቅድም" ስለው ቶሎ ይሰማኛል፤ "ልክ አይደለም" ስለው ያን ያህል አይሰማኝም።

አሁን የተቸገርኩት በሁለት ነገር ነው። አንዱ ሰዓቱ ነው። ታብሌቱ ራሱ የሚመዘግበው 16፡10 ይላል። ሠራተኛዋ በእጇ የጻፈችው 10፡10 ይላል። ሌላዋ ደግሞ ታብሌቱን አይታ 16፡10 ብላ ጽፋለች። ሳደራጀው ከሰዓት የተደረገው ጉብኝት ግማሹ ጠዋት የተደረገ ሆነ። መምህር ያሉትን የመውጫ ሰዓት ለማየት ይሄ ካልተስተካከለ ዋጋ የለውም። ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። አንድ ሱቅ "ፀሐይ"፣ "ጸሀይ" እና "ፀሃይ" ተብሎ ሦስት ሱቅ ሆኖብኛል። ያውም ፈቃዱ በሚስቱ ስም ነው፣ ታፔላው ላይ ደግሞ "ሚኒ ማርኬት" ብቻ ነው ያለው።

ጡረተኛው፦

ሰዓቱ ቀላል ነው። በእጅ የሚጻፈውን ጥያቄ አውጪው። ታብሌቱ የሚይዘው ይበቃል። ሪፖርት ስታወጪ 6 ሰዓት ቀንሰሽ በእኛ ሰዓት አሳዪ። ለቀኑ ደግሞ ፎርሙ ላይ የኢትዮጵያን ካላንደር ማድረግ ይቻላል፣ ቅንብሩ ውስጥ አለ። ሠራተኞቹ መስከረምን ከሴፕቴምበር ጋር ሲያምታቱ አትውይም።

ለስሙ፣ ፊደሎቹን በአንድ አምድ ውስጥ ወደ አንድ መልሻቸው። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መመለስም አትርሺ። የተጻፈውን ዋናውን አትንኪ፣ ለፍለጋ የሚሆን ሌላ አምድ ሥሪ። ከዚያ በጂፒኤስ በጣም የተቀራረቡትን አውጪና በዓይንሽ እዪ። በስም ብቻ አትመኚ። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሱቆች ሊከፍቱ ይችላሉ፣ ይሄ ባሕር ዳር ነው።

ሌላ ልንገርሽ። ሠራተኛው የላከውን መዝገብ ራሱ መሰረዝ እንዳይችል አድርጊ። ኮቦ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ይለያል፤ መላክ ብቻ ስጪው። ይሄን የምልሽ ሠራተኞችሽን ተጠራጥሬ አይደለም። ቁጥር ያለበት መዝገብ ገንዘብ ነው። "ስምህን ላውጣልህ" የሚል ሰው ሳይመጣ አይቀርም። ማውጣት የማይችል ሠራተኛ "አልችልም፣ ማሽኑ ነው" ብሎ ከባለሱቁ ጋር በሰላም ይለያያል። እሱንም ታድኚዋለሽ።

የቸርቻሪዎቹ ሙሉ ዝርዝር ያለው ማን ጋ እንደሆነ ታውቂያለሽ? አከፋፋዩ ጋ። መኪናው የሚያራግፍበትን ደጅ ሁሉ ያውቃል። ግን እንዳትለምኝው። ኢትዮጵያ በ2006 ያጸደቀችው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት አንቀጽ 5.3 አለ፣ መንግሥት ፖሊሲውን ከትምባሆ ንግድ ጥቅም እንዲጠብቅ የሚል። ዛሬ ዝርዝር በውለታ የሰጠሽ ሰው ነገ ቲሸርት አሳትሞ "አብረን እንሥራ" ይልሻል። ከተፈለገ ባለሥልጣኑ በደብዳቤ ይጠይቅ፣ በደብዳቤ ይመለስ። ሻይ እንኳ አትጠጪላቸው።

ባለሱቁ (አባይ ማዶ)፦

ጋሼ፣ ሻዩን እንኳ ይጠጡ እንጂ!

ቆይ፣ የምሬን ልጠይቅ። የ19 ዓመት ልጅ ልካችሁ ሸጥኩለት እንበል። ጢም ያለው ረጅም ጎረምሳ ሊሆን ይችላል። 19 ይሁን 25 በምን አውቃለሁ?

ከባሕር ማዶ፦

ወንድሜ፣ እዚህም ያንኑ ነው የሚሉት። ለዚህ ነው ሕጉ ከ30 ዓመት በታች የሚመስል ገዢ ሁሉ ፎቶ ያለው መታወቂያ እንዲጠየቅ የሚለው። ድሮ ከ27 በታች ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከፍ አደረጉት። ግምት ውስጥ እንዳትገባ ነው። አንተም ብትፈልግ ደጅህ ላይ ጽሑፍ ለጥፍ፦ "ሲጋራ ለመግዛት መታወቂያ ያሳዩ።" ጥፋቱ ከአንተ ወደ ጽሑፉ ይዞራል። ለጎረቤትህም "ሕጉ ነው፣ ራስህ ና" ለማለት ይቀልሃል። የፋይዳ መታወቂያ ያለው ሰው እየበዛ ስለሆነ "መታወቂያ የለኝም" የሚለውም እየቀነሰ ይሄዳል። ዕድሜውን አይተህ መልስለት፣ ቁጥሩን ግን አትጻፍ።

ባለሱቁ (አባይ ማዶ)፦

ጽሑፉን እለጥፋለሁ። ጎረቤቴን ግን እናንተ አታውቁትም።

የፔዳዋ፦

ጋሼ፣ የመጨረሻ አንድ ጥያቄ። አለቃዬ በሦስት ወር ውስጥ የሻጮቹ ቁጥር መቀነሱን የሚያሳይ ግራፍ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ እንደዚህ ስመዘግብ ቁጥሩ ሲጨምር ነው የሚታየኝ።

ጡረተኛው፦

ይጨምራል። የመጀመሪያው ዙር ላይ በጣም ይጨምራል፣ ምክንያቱም ድሮ ያልተቆጠረውን ነው የቆጠርሽው። የሻጮቹን ቁጥር ከአሮጌው ዝርዝር ጋር በአንድ ግራፍ ላይ እንዳታስቀምጪው፣ ሁለቱ የተለያየ ነገር ናቸው። ለግራፍ የሚሆንሽ በዕጣ ከተጎበኙት ቦታዎች ውስጥ ስንት በመቶው ለ19 ዓመቱ ልጅ ሸጡ የሚለው ነው። እሱን በየሦስት ወሩ ድገሚው፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ መንገድ። የሚቀንስ ከሆነ እዚያ ላይ ይታያል።

ለአለቃሽ ግን ቁጥሩ ከመውጣቱ በፊት ንገሪው። ከወጣ በኋላ ከሆነ ማመካኛ ይመስላል። በቃል አይበቃም፣ በጽሑፍ አድርጊውና ቀን ጻፊበት።

የፔዳዋ፦

ነገ ጠዋት ገቢ ደብዳቤ አድርጌ አስገባዋለሁ። ማኅተም አስመትቼ ቅጂውን እኔ ጋ አስቀራለሁ። ሁለተኛውን ዙር ከአባይ ማዶ ነው የምጀምረው። ባለሱቁ፣ የትኛው ሱቅ እንደሆንክ አላውቅም፣ በዕጣ ነው።